በሰው አገር የዋና መምህር ስለ መኾን

ከአገሩ ወጥቶ በዋና መምህርነት ሊኖር ለሚያስብ ወጣትና ለወላጆቹ አንድ ምክር አለን። ፍሬድሪክ ካቪል የተባለው እንግሊዛዊ በ1879 በፈረንጅ ዘመን ወደ አውስትራልያ ሲሻገር ዝናው ቀድሞት ነበርና፥ በሲድኒ ከተማ መዋኛ ከፍቶ አስተማረ። ዛሬ ግን ዝና ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝ አገር የዋና መምህርነት ምስክር ወረቀት ደረጃ አለው፤ በአንደኛው ደረጃ ረዳት፥ በኹለተኛው ለብቻው አስተማሪ ይኾናል። ከሕፃናት ጋራ የሚውል ነውና ከወንጀል ንጹሕ መኾኑም ይመረመራል። ይህን ጥንቃቄ እኛ አንነቅፈውም፤ እናት የልጇን ነፍስ ለማታውቀው እንግዳ አደራ ትሰጣለችና። ስለዚህ መንገደኛው ከስንቁ አስቀድሞ የሥራ ፈቃዱንና ምስክር ወረቀቱን ያሰናዳ። የአገሩንም ቋንቋ ይማር፤ በውሃ ውስጥ የደነገጠ ሕፃን የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነውና።