«አይ ኩድ ኬር ሌስ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

አንደኛ ዓመት ሳለሁ የቡድን ሥራችንን ለክፍሉ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አክሰንቴ ስላሳሰበኝ ከቡድኑ አንዷን አሜሪካዊት «አነጋገሬ ያስቸግር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳት። «አይ ኩድ ኬር ሌስ» አለችኝ። ቃል በቃል ስተረጉመው «ከዚህ ባነሰ ልጨነቅበት እችል ነበር» ሆነብኝ። ተጨንቃበታለች ማለት ነው ብዬ ድርሻዬን ለሌላ ልጅ ሰጠሁና ሴሚስተሩን ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ ዝም አልኩ። በመጨረሻው ሳምንት «ለምን ተውከው? እኔ እኮ ምንም አይመስለኝም ብዬህ ነበር» ስትለኝ ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባሉ ሙሉ መልክ «አይ ኩድንት ኬር ሌስ» ነው። ግዴ ዜሮ ገብቷል፣ ከዚህ በታች ሊወርድ አይችልም እንደማለት ነው። በእኛ «ምን ገዶኝ!»፣ «ደንታም የለኝ» ይሆናል። አባባሉ የእንግሊዞች ነበር፤ አሜሪካኖች ከተቀበሉት በኋላ ግን ብዙዎቹ አፍራሹን «ንት» ጣሉት፤ ትርጉሙ ግን አልተለወጠም። ስቲቨን ፒንከር የተባለው የቋንቋ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው «ዘ ላንጉጅ ኢንስቲንክት» በተባለው መጽሐፉ ይህ ስሕተት ሳይሆን ምጸት ነው ብሎ ተከራክሯል። እኛም «እንዴታ፣ በጣም ነው የሚያስጨንቀኝ!» ብለን አለመጨነቃችንን እንገልጥ የለ? የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ሁለቱንም በአንድ ትርጉም መዝግቧቸዋል።

ስለዚህ ስትሰሙት «ንት» ኖረም አልኖረም «ግድ የለኝም» ብላችሁ ተረዱት። ስትጽፉ ግን ሙሉውን ተጠቀሙ፤ አጭሩን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ መምህራን ብዙ ናቸው። ደግሞም ሻካራ አባባል ስለሆነ ለፕሮፌሰር ወይም ለአሠሪ አይባልም።

ከዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለብን። የእኛ «ግድ የለም» የደግ ሰው ቃል ነው። እንግዳ ብርጭቆ ሲሰብር እናቶቻችን «ግድ የለም፣ ልጄ» ይላሉ። ይህንኑ ወደ «አይ ዶንት ኬር» ስንመልሰው ግን ቀዝቃዛ ይሆናል። እኔ ራሴ አማካሪዬ «ማክሰኞ ይሻልሃል ወይስ ሐሙስ?» ቢለኝ «አይ ዶንት ኬር» ብዬ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ማለት የነበረብኝ «አይዘር ዴይ ዎርክስ ፎር ሚ» ነበር። ይቅርታ ለጠየቀን ሰው ደግሞ «ዳትስ ኦልራይት» ወይም «ዶንት ዎሪ አባውት ኢት» ነው መልሱ።

አዲስ ለምትገቡ እህት ወንድሞቼ የምለው አንድ ነው፦ ያልገባችሁን አባባል በልባችሁ ተርጉማችሁ አትቀየሙ። «ምን ማለትሽ ነው?»፣ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ ሴሚስተሩን በዝምታ ባላሳለፍኩት ነበር።