በኮምፒዩተር የሚመጣ ደብዳቤ እንዴት ይቀመጣል?

ጤፍና ማሽላ በአንድ ጎተራ ተቀላቅሎ ቢከተት ምን ይሆናል? እህሉ አልጠፋም። ነገር ግን ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ማውጣት ጭንቅ ነው። ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ በተፈለገ ጊዜ መገኘት አለበት።

ዛሬ ደብዳቤ በወረቀት ብቻ አይላክም። ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ ጽሑፉን ተቀብሎ ሩቅ አገር ላለ ሌላ ኮምፒዩተር ያደርሳል። ይህ ደብዳቤ ኢሜይል ይባላል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ጽፎ ለማኅበሩ አባላት ሁሉ ሊያደርስ ይችላል። አባላቱ 100 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ቢጽፉ፣ በአንዱ ሰው ሣጥን ውስጥ በወር 3,000 ደብዳቤ ይከማቻል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ይለያል? በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ፓይን የተባለ የደብዳቤ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ የሚያዝ ጽሑፍ ነው። በፓይን መስተዋት ላይ ሥዕል የለም፤ የሚታየው ፊደል ብቻ ነው። ትእዛዝም የሚሰጠው ፊደል በመጫን ነው። በ2007 በእርሱ እግር የተተካው አልፓይን ይባላል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው።

አንደኛ፣ ለየጉዳዩ ማኅደር ይከፈታል። አንባቢው ደብዳቤውን አይቶ «ኤስ» የተባለውን የላቲን ፊደል ሲጫን፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ማኅደር እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። በተሰጠው ስም ማኅደር ከሌለ አዲስ ይክፈት እንደሆነ ይጠይቃል። ስም ሳይመርጡ ሁሉን በአንድ ማኅደር መክተት ግን ያው የተቀላቀለ ጎተራ ነው።

ሁለተኛ፣ ለማኅበሩ የተላከው ደብዳቤ ሁሉ በራሱ ወደ ማኅደሩ እንዲገባ ማዘዝ ይቻላል። ኮምፒዩተሩ የሚለየው ሐሳቡን ተረድቶ አይደለም። በደብዳቤው ራስ ላይ የተጻፉትን የላኪውን ስም፣ የተቀባዩን አድራሻና ርእሱን አይቶ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ርእስ አዲስ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ሌላውን ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ገለባው ይወገዳል። «ዲ» ሲጫኑ ደብዳቤው የመሰረዣ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። በስሕተት ከሆነ «ዩ»ን ተጭኖ መመለስ ይቻላል። ከፕሮግራሙ ሲወጡ ይጥፋ ተብሎ ከተፈቀደ ግን አበቃ።

ማኅደር ሲበዛም ችግር ነው። የትኛው ውስጥ እንደገባ ይረሳል። ጥቂት፣ ስማቸው ግልጽ የሆነ ማኅደሮች ይበቃሉ።

ይህ ዘዴ ለኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። በየቤታችን የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድ አለ። ሁሉም በአንድ ከረጢት ተጠቅጥቆ ከሆነ ሲፈለግ አይገኝም። ክርክር ሲነሣ «ከፍያለሁ» ማለት ብቻ አያድንም፤ ደረሰኙ መታየት አለበት። እንግዲያው እያንዳንዱን ለየብቻ እናስቀምጥ። በላዩም ጉዳዩንና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍበት። እርጥበትና አይጥ ከማይደርስበት ቦታ እናኑረው። መጻፍ የቻለ እጅ ይህን ለመሥራት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም።