ከወንበሩ ልብስ በታች

ማለዳ ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ በሚወጣ አሮጌ ሃይአስ ላይ ጋቢና ለመያዝ የሚደረገው ሽሚያ ለክብር ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ቁር ደግሞ በጋቢ ብቻ አይመለስም። የሃይአስ ሞተር የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ጋቢና የገባ ሰው ከታቹ ሙቀት ያገኛል። ደስታው ግን አጭር ነው። ክምር ድንጋይ ሳይደረስ ወገቡን ይይዘዋል፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ዝቅ ያለ ይመስለዋል፣ ከስፖንጁ ሥር ብቅ ያለ ሽቦ ጭኑን ይቆነጥጠዋል። ተሳፋሪው ደብረ ታቦር ወርዶ ይገላገላል። ሹፌሩ ግን በዚያው ወንበር ይመለሳል፤ ነገም እዚያው ነው።

ስለ መኪና ሲወራ የሚወራው ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ነው። ወንበር ከተነሣም የሚነሣው ልብሱ ነው፤ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ቆዳ መሳይ ይሁን ከፋይ። ለወገብ ግን ልብሱ የሚሠራው ሥራ ከሁሉም ያነሰ ነው።

ከታች ከቱቦላሬና ከላሜራ የተበየደ አጽም አለ። በአጽሙ ላይ የተጠማዘዙ የሽቦ ሞላዎች ይወጠራሉ፤ በሞላው ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ልብሱ ይመጣል። ስፖንጁ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። የሚሠራበትን ፖሊዩሬቴን ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ መኪና ውስጥ በብዛት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወንበር የሚሞላው በፈረስ ጸጉርና በኮኮናት ቃጫ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚነዱትን የድሮ ቮልስዋገኖች ወንበር ፈትቶ ያየ ሰው ያንን ቡናማ ቃጫ ያውቀዋል።

ስፖንጅ አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስብስብ ነው። ሰው ሲቀመጥ ክፍሎቹ ይጨመቃሉ፣ ሲነሣ ይመለሳሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግድግዳቸው ተሰብሮ መመለስ ያቆማሉ። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ብርድ የምናመልጥበት የሃይአስ ጋቢና ከኋላው ወንበር ቀድሞ ይደርቃል፣ እየተፈረፈረም ይረግፋል። በሹፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚወድቀው በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም የሚታሸው እሱ ነውና። ጠርዙ ሲወድቅ ሹፌሩ ሳያውቀው ወደ በሩ አዘንብሎ መንዳት ይለምዳል። ይህን ጊዜ የታጠፈ ጋቢ፣ ትራስ፣ አንዳንዴም ካርቶን ይደረብበታል። ያዘነበለ ነገር ላይ የተደረበ ሁሉ አብሮ ያዘነብላል።

ለስላሳ መቀመጫ ሁሉ ምቹ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ በጠጠር መንገድ ላይ ግን አይሠራም። የተቀመጠን ሰው አካል ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ንዝረት ይበልጥ የሚጎዳው ንዝረቱ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው። ተራው የሞላና የስፖንጅ ወንበር ደግሞ በራሱ የሚወዛወዘው በሴኮንድ 4 ጊዜ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ወንበሩ ንዝረቱን ማብረዱ ቀርቶ ይጨምርበታል። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ የነዳ ሰው ይህን ያለ ሳይንስ ያውቀዋል፤ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ነውና ባዶውን አይበገርም፣ ሹፌሩም የተቀመጠው ከፊት ጎማዎቹ በላይ ነው።

ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው፣ የቻይና መንገድ የሚባለው ዋና መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ወንበር የሚፈተነው ከእሱ እየተገነጠሉ ወደ አርብ ገበያና ወደ ስማዳ ወገዳ በሚወርዱት መንገዶች ላይ ነው። ይህ አገር ጎማ ያለውን ነገር ሲያንገላታ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ነው ያለፉት፤ ጉዞው ወራት ፈጅቷል።

የወገቡን ነገር በደንብ የመረመረው ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሶን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰው አከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ውስጥ መርፌ እያስገባ ግፊቱን ለካ፤ ሳይደገፍ የተቀመጠ ሰው ዲስክ ከቆመ ሰው ይልቅ እንደሚጨነቅም አገኘ። በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ መደገፊያው ጥቂት ወደ ኋላ ጋደል ሲልና የወገብን ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላ ድጋፍ ሲኖር ግፊቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነው፦ መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆንና ከቀበቶ መታጠቂያ ከፍ ብሎ ለስለስ ያለ እብጠት ቢኖረው ይበቃል። ትከሻ ላይ የሚያብጥ መደገፊያ ግን ሹፌሩን ያጎብጠዋል።

ወንበሩን የማደሱ ሥራ እንግዲህ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ በወንበሩ ሥር ያለ ሽቦ በዘፈቀደ አይነቀልም። ወንበሩ ከወለሉ ተፈትቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ብየዳ መኪናው ውስጥ አይሠራም፣ ምንጣፉም የነዳጅ መስመሩም ቅርብ ናቸው። ልብሱን የያዙት የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ይቆረጣሉ። አሮጌው ልብስ አይጣልም፤ በስፌቱ በስፌቱ ተተርትሮ ለአዲሱ ልክ ይሆናል። የተሰነጠቀው ቱቦላሬ ይበየዳል፣ መንሸራተቻው ተጠርጎ ግራሶ ይቀባል። የተሰበረ ሞላ ግን ቢበየድም አያገለግልም፤ እሳት የነካው ቦታ ጠባዩ ይለወጥና እንደገና ይሰበራል። ከሌላ አሮጌ ወንበር ፈትቶ ማምጣት ነው። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ሸራ ይነጠፋል፤ የቃጫ ጆንያ ከተገኘም እሰየው። ይህች ርካሽ ነገር ስትዘለል ሽቦው አዲሱን ስፖንጅ ከሥር እየከረከረ ይጨርሰዋል፤ አብዛኛው የታደሰ ወንበር ቶሎ የሚበላሸውም በዚህ ይመስለኛል።

ስፖንጁ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። ፍራሽ ቤት የተረፈ ቁራጭ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። የተለመደው የፍራሽ ስፖንጅ በሜትር ኩብ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ የመኪና ወንበር ከ45 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝነውን ይፈልጋል። በእጅ ተጭኖ መለየት ያስቸግራል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። በሁሉም በኩል 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጣችሁ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት። ወደ 50 ግራም ከመዘነ ግዙት፤ 25 ግራም ከሆነ ለፍራሽ ይሁን። ወርቅ ሠሪው ይስቅባችሁ ይሆናል፣ ግድ የለም።

ኮርቻ ሠሪ ክብደቱን ከበቅሎዋ አከርካሪ አሽሽቶ ግራና ቀኝ እንደሚያሳርፈው፣ ስፖንጅ ቆራጩም የሹፌሩን ክብደት መቀመጫውና ጭኑ ላይ ማዳረስ አለበት። ጠንካራው ስፖንጅ ከሥር ይሆናል፣ ከላይ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ለስላሳ ይደረብበትና በማስቲሽ ይጣበቃል። የፊቱ ጠርዝ ከጉልበት በታች እንዳይጫን ይከረከማል። ከልክ በላይ መወፈሩም ጉዳት ነው፤ የሹፌሩ ራስ ጣራ ይነካል፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። የራስ መደገፊያውን መልኩ አላማረኝም ብሎ የሚያስቀር አለ፤ ከኋላ ሲገጩ አንገት የሚያድነው እሱ ነው።

ስለ ልብሱ ብዙ አልልም። ቆዳ መሳዩ ፕላስቲክ በደጋው ፀሐይ ይደርቃል፣ በማለዳው ብርድ ይሰነጠቃል፤ ጠንካራ ጨርቅ ይሻላል። ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ሳያወልቁ ዓመታት የሚነዱትን ደግሞ እግዜር ይርዳቸው።

የደጋ ሹፌር ከማንም ሳይማር የሚያውቀው አንድ ደህና ነገር አለ፤ አጎዛ። ጸጉሩ አየር ስለሚይዝ በብርድ ያሞቃል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ክብደቱንም ያዳርሳል። በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ሙከራዎች የበግ ቆዳ ለረጅም ጊዜ የተኙ ሕመምተኞችን ከጀርባና ከመቀመጫ ቁስል እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። እነሱ የተጠቀሙት ልስልሱን ሜሪኖ ነው፤ የእኛው የፋርጣ በግ ጸጉሩ ሻካራ ቢሆንም ከፕላስቲክ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እንዳይንሸራተት ታስሮ፣ የቀበቶውን መቆለፊያ ሳይሸፍን ይነጠፍ እንጂ የወደቀ ሞላ እሱም አያነሣም።

ሙሉ ወንበር መቀየር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይደርሳል። እዚያ ከመዋዋል በፊት ሜትር መያዝ ነው፤ የአራቱ ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት ካልገጠመ በወለሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ይመጣል፣ በቀጭን ላሜራ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ በግጭት ጊዜ ተቀድዶ ወንበሩን ከነሰውየው ይለቀዋል። ተራ ብሎንም አይተካም፤ የፋብሪካው ጠንካራ ብረት ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ የማጋደያው እጀታ በየት በኩል እንደሆነ ማየት ይገባል። ለሃይአስ ደግሞ ወንበሩ ተነሥቶ ሞተሩ ካልተከፈተ ምንም ቢያምር አይሆንም፤ ከሥሩ ያለው ሙቀት መከላከያ ንጣፍም አብሮ ይመለስ።

ይህ ሥራ ወደፊት ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። ያሉት መኪኖች ከእኛ ጋር ያረጃሉ ማለት ነው።

ለባለንብረቶች አንድ ነገር ልበል። ለአዲስ ልብስና ለአዲስ ስፖንጅ ለሁለቱም ገንዘብ ካልበቃ፣ ስፖንጁንና ሞላውን አሠርታችሁ አሮጌውን ልብስ መልሱበት። ካላመናችሁ ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ በራሳችሁ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ንዱ፤ ከዚያ ለየትኛው እንደምትከፍሉ ወስኑ።