የረገበ የሶፋ መቀመጫ፤ ሞላውን ከመጣል በፊት መያዣውን መመርመር

በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሶፋ ከቀላል ዕቃ የሚቆጠር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በእቁብ ዕጣ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር በተገኘ ብድር ሲሆን፤ ከተገዛም በኋላ ዳንቴል ለብሶ ለእንግዳ ክብር የሚጠበቅ ንብረት ነው። ይሁንና ከዓመታት አገልግሎት በኋላ አንደኛው መቀመጫ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የተቀመጠውም ሰው ለመነሳት የሶፋውን ክንድ መደገፍ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ብርድ ልብስ አጥፎ ከስፖንጁ ሥር ያስገባል፤ ያም ሳይበቃ ሲቀር ሶፋውን በርካሽ ሽጦ ሌላ ለመግዛት ያስባል። ሆኖም ለመቀመጫው መስመጥ ብዙ ጊዜ ምክንያት የሚሆነው የሞላው መሰበር ሳይሆን፤ ሞላውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት መያዣ መነቀል ነው። ይህ ደግሞ በፒንሳ፣ በካቻቢቴና በጥቂት ብሎኖች በግማሽ ቀን ሊጠገን የሚችል ጉዳት ነው።

በገበያ ላይ ከሚገኙት ሶፋዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደ እባብ በተጠማዘዘ ሞላ ነው። ይህ ሞላ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው የብረት ሽቦ የሚዘጋጅ ሲሆን፤ ከፊተኛው ጣውላ እስከ ኋለኛው ጣውላ ድረስ ወደ ላይ በጥቂቱ ደጋን ሠርቶ ይወጠራል። ሞላዎቹ በየ10 ወይም በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ተደርድረው በቀጭን ሽቦ እርስ በርስ ስለሚያያዙ የሰውን ክብደት ይካፈላሉ።

እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው፤ ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኃይል መጠን ነው። ኃይሉ ሲነሳለት ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ብረቱ የመለጠጥ ወሰን ስላለው፤ ከዚያ ወሰን ያለፈ ሞላ ተመልሶ አይስተካከልም። ከዚህም በላይ ብረት ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይደክማል። በሁሉም ቤት ማለት ይቻላል ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው መቀመጫ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚረግበው በዚሁ ምክንያት ነው። በተረጋጋ ሁኔታ ከሚቀመጥ ከባድ ሰው ይልቅ የሕፃናት ዝላይ በመያዣዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊበልጥ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ወደ ጥገና ከመገባቱ በፊት ጉዳቱ የት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በቅድሚያ የመቀመጫው ስፖንጅ የሚነሳ ከሆነ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ቦታ በእጅ ተጭኖ ይፈተሻል። ሞላዎቹ እኩል ቆመው ስፖንጁ ብቻ ጎድጉዶ ከተገኘ መለወጥ ያለበት ስፖንጁ ነው። አንደኛው ወገን ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፤ ሶፋውን ለሁለት ሰው ይዞ መገልበጥና ከሥሩ የተለበጠውን ስስ ጨርቅ በጥንቃቄ መክፈት ይገባል። ጨርቁ ተመልሶ ስለሚለበጥ መቅደድ አያስፈልግም። ለዓመታት የጠፉ እስክሪብቶዎችና ሳንቲሞች የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

መያዣው ተነቅሎ የሞላው ጫፍ ተንጠልጥሎ ከታየ ሥራው ቀላል ነው። የተወጠረ ሞላ ሳይታሰብ ካመለጠ ግን ዓይንንና እጅን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል፤ መነጽርና ወፍራም ጓንት ማድረግ፣ ፊትን ከሞላው አቅጣጫ ማራቅና ሕፃናትን ከአካባቢው ማስወጣት ግዴታ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መያዣውን በላላው የድሮ ቀዳዳ ላይ በሚስማር መልሰው በመምታት ነው። እንዲህ ያለው ጥገና ብዙ አይቆይም። የሚሻለው የላላውን ቀዳዳ በእንጨት ስንጣሪና በኮላ ደፍኖ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ ከዚያም መያዣውን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጎ ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የእንጨት ብሎን ማሰር ነው። መያዣው ራሱ አፉን ከከፈተ ወይም ከተሰነጠቀ በአዲስ ይተካል። ሞላውን ለመመለስ ጠንካራ ሲባጎ በመጨረሻው ጥምዝ ውስጥ አሳልፎ አንደኛው ሰው ሲስብ፤ ሌላው ጫፉን በፒንሳ ይዞ ወደ መያዣው ያስገባል። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚሰማውን ሲጢጥታ ለማስቀረት ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ በመካከላቸው ማድረግ ይቻላል።

ሞላው ራሱ ከረገበ ግን በእጅ አጥፎ ለመመለስ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። የተሰበረውንም በብየዳ ማያያዝ አይመከርም። የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት የሞላነት ባሕርይ ስለሚያሳጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ከተበየደው ቦታ አጠገብ ይሰበራል። በሁለቱም ሁኔታ መፍትሔው መተካት ነው። ለመግዛት ሲኬድ የተጎዳውን ሞላ ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የረገበ ሞላ ከመጀመሪያ ርዝመቱ በላይ ሆኖ ይለካል። ስለሆነም ጤናማ የሆነውን ጎረቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋኑን ተከትሎ በክር መለካትና የሽቦውን ውፍረት ማመሳከር ይገባል። የሞላ ሽቦ ጠንካራ በመሆኑ በተራ ፒንሳ አይቆረጥም፤ ሴጌቶ ያስፈልገዋል። የተቆረጠው ጫፍም ከመያዣው እንዳይሾልክ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት።

በሞላው ላይ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍ የተለመደ ዘዴ ነው። መቀመጫውን ከፍ ስለሚያደርገው ከዝቅተኛ ቦታ ለመነሳት ለሚቸገሩ አረጋውያን ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን የተነቀለውን መያዣ አይጠግንም፤ ምቾትንም ይቀንሳል። ጣውላው የተሰነጠቀ እንደሆነ ደግሞ ከሞላው በፊት እርሱ በኮላና በተጨማሪ እንጨት መጠናከር ይኖርበታል። እንደ ጠመዝማዛ ማማ የቆሙና በሲባጎ በየአቅጣጫው የታሰሩ ሞላዎች ያሉባቸው የቆዩ ሶፋዎች አሠራራቸው የተለየ በመሆኑ፤ ለታፒሴሪያ ባለሙያ መስጠቱ የተሻለ ነው።

በመሥሪያ ቤቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍሎች የሚገኙ ሶፋዎችም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። የመለያ ቁጥር የተሰጠውን የመንግሥት ንብረት ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ መክፈት ባይገባውም፤ ጉዳቱን እንዳየ ለንብረት አስተዳደር ክፍሉ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል። አንድ መያዣ ሲነቀል የእርሱ ሸክም ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚተላለፍ፤ በአንድ ብሎን ይጠገን የነበረው መቀመጫ ወራት ከቆየ ሦስትና አራት ሞላ የሚያስለውጥ፣ አልፎም እንጨቱን የሚሰነጥቅ ይሆናል። ለጥገና ያልቀረበ ሶፋ በመጨረሻ የሚያገኘው ቦታ የሚወገዱ ዕቃዎች መጋዘን ነው።

ጥገናው እንደተጠናቀቀ ሶፋው ከመለበጡ በፊት ተቃንቶ መሞከር አለበት። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ በየመቀመጫው ተቀምጠው ሲነሱ መያዣዎቹ ካልተንቀሳቀሱ ጨርቁ ተመልሶ ይለበጣል፤ ብሎኖቹም ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ።