አንድ ሰዓት፣ ሦስት ንባብ፦ የመተማ ጠረፍና የድረ ገጽ የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ

የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የቀለም፣ የምስልና የአዝራር አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2019 የተሻሻለው አይኤስኦ 9241-210 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን አገልግሎቱ የሚውልበትን ሁኔታ መረዳትን ከንድፍ መሠረታዊ ተግባራት አንዱ ያደርገዋል፤ የተጠቃሚን ፍላጎት መወሰን፣ መፍትሔ መንደፍና መገምገም የተቀሩት ሦስቱ ናቸው። በድረ ገጽ ስቱዲዮዎች አሠራር ይህ ተግባር ሲዘለል የሚከተለውን ጉዳት የመተማ ጠረፍ በግልጽ ያሳያል።

መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ጋላባት ጎን ለጎን የተቀመጡ የጠረፍ ከተሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ የሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በ2 ሰዓት ብቻ። በዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። አንድ ድረ ገጽ የጭነት መኪና መነሻን «8:00» ብሎ ያለ ማብራሪያ ቢያሳይ፣ አበልጻጊው ያሰበው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የሸሕዲ ሰሊጥ ነጋዴ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። የጋላባት ተቀባይ በራሱ ሰዓት ሲያነበው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው ሦስት ነው።

መፍትሔው ሁለት ገጽታ አለው። በማሳያው ላይ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃልና የአገሩ ስም ከቁጥሩ ጋር አብረው መጻፍ አለባቸው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ደግሞ ያለፈ ድርጊት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ የወደፊት ቀጠሮ ግን በአካባቢው ሰዓትና በቦታው ስም ቢመዘገብ ይመረጣል። ሱዳን እንዳደረገችው አንድ አገር ሰዓቱን ሊለውጥ ስለሚችል፣ የሰዓት ልዩነቱን በቋሚ ቁጥር ማስቀመጥ ዋስትና አይሰጥም።

የቀን መቁጠሪያው ስህተት ከዚህ ይልቅ ድብቅ ነው። የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 2025 ነው። ተጠቃሚው «30/6/2017» ብሎ ሲሞላ ግን ቅጹ ጁን 30 ቀን 2017 ብሎ ይቀበለዋል። ልዩነቱ ከ7 ዓመት ከ8 ወር ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ትክክለኛ ቀኖች ስለሆኑ ሥርዓቱ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በአንጻሩ በጳጉሜን የተወለደ ሰው 12 ወራት ብቻ በተዘረዘሩበት ቅጽ ላይ የራሱን ወር አያገኝም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሰዎች ገብተዋል። ሰነዱ የጠፋበት ሰው የሚታወቀው በተመዘገበው መረጃ በመሆኑ፣ የተሳሳተ የልደት ቀን ከመብቱና ከማንነቱ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቅጹ ተጠቃሚው የመቁጠሪያውን ዓይነት እንዲመርጥ ማድረግና ከማጽደቁ በፊት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠሮች መልሶ ማሳየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢካተትም የፍለጋ ችግር በዚያ አልተፈታም። ለአንባቢ «ሸሕዲ»፣ «ሸህዲ» እና «ሸኅዲ» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ሆሄያትን በፍለጋ ማውጫው ውስጥ ብቻ ወደ አንድ ማምጣት፣ በማሳያው ላይ ግን የተጠቃሚውን አጻጻፍ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከተማዋ የምትጠራበትን ሌላ ስም፣ ገንዳ ውኃን፣ ግን ሆሄ ማመሳሰል አያስገኘውም፤ የተለዋጭ ስሞች ዝርዝር ያስፈልገዋል። የማረጋገጫ አጭር መልእክትም በላቲን ፊደል እስከ 160 ሆሄያት ሲይዝ በአማርኛ ከ70 አይበልጥም። ስለሆነም የአማርኛው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ የሚመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው በዚህ ልክ የሚዘጋጅ መሆን አለበት።

እነዚህ ጉድለቶች አበልጻጊው በራሱ ኮምፒዩተር በሚያደርገው ፍተሻ በቀላሉ አይገለጡም፤ እርሱ ያሰበውን ስለሚያውቅ ያሰበውን ያነባል። ነጋዴው፣ ሹፌሩና መዝጋቢው ቅጹን ራሳቸው ሞልተው የተረዱትን በቃላቸው ሲናገሩ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ይህ ፍተሻ በወረቀት ላይ በተሣለ ረቂቅም ሊከናወን ስለሚችል፣ ኮድ ከመጻፉ በፊት ቢደረግ ወጪው አነስተኛ ነው። ሰዓት፣ ቀንና ፊደል በሥራው ማብቂያ የሚታከሉ የትርጉም ጉዳዮች ሳይሆኑ የንድፉ መነሻ ናቸው።