ሁለት ሰርቨሮች በየንዑስ መረባቸው ሆነው መገናኘት ሲያቅታቸው

የሒሳብ መዝገብ የነጋዴ ዓይን ነው። ዕቃው ስንት እንደ ገባ፥ ስንት እንደ ወጣ፥ ዱቤ በማን እጅ እንደ ቀረ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ቀድሞ ይህ መዝገብ በመደብሩ ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ስለ ነበረ ባለቤቱ ባሻው ጊዜ እጁን ዘርግቶ ያነሣው ነበር። ዛሬ ግን መዝገቡ ክላውድ በሚባለው አሠራር፥ ይኸውም በሩቅ ስፍራ በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሰርቨሩ ያለው አዲስ አበባ ይሆናል፤ ወይም አማዞን በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረበት በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕ ታውን ከተማ ይሆናል። ነጋዴው ግን አምቦ ተቀምጦ ይሠራበታል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ብዙ ነው። ሆኖም መዝገቡና መደብሩ ተራርቀው ስለሚገኙ፥ በመካከል ያለው መንገድ በተዘጋ ጊዜ ነጋዴው መዝገብ እንደሌለው ሰው ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ክፍያውም ጭምር በመረብ የሚያልፍበት ጊዜ ስለ መጣ፥ ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ለምሳሌ አንድ የእህል ነጋዴ በአምቦ ዋና መደብር፥ በጉደርና በጊንጪ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው ይባል። ሁለት ሰርቨሮች ተከራይቷል። አንደኛው ከሦስቱ መደብሮች የሚመጣውን የሽያጭ ወሬ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ዳታቤዝ የሚባለውን ዋናውን መዝገብ ይይዛል። በአንድ የገበያ ቀን ጧት የመሸጫው ገጽ ይከፈታል፤ ነገር ግን የጤፉ ዋጋም የደንበኛው ዕዳም አይታይም። ሻጩ ወዲያው «ኔትወርክ የለም» ይላል። ይህ አባባል ግን ልክ አይደለም። ገጹ ከተከፈተ ከአምቦ እስከ አንደኛው ሰርቨር ያለው መስመር ደኅና ነው ማለት ነው። የተቋረጠው በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው ነው። በሰኔ ወር መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ እንደ ሆነው፥ ገጹም ጨርሶ የማይከፈት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩን መነካካት ጥቅም የለውም።

ንዑስ መረብ ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ሰርቨር አይ ፒ የሚባል አድራሻ አለው። አድራሻው በአራት ቁጥሮች ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። አድራሻው 10.0.1.20 ሲሆንና ከበስተኋላው /24 የሚል ሲጻፍበት፥ ሦስቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች እንደ ቀበሌ፥ የመጨረሻው እንደ ቤት ቁጥር ይቆጠራሉ። ይህ ቀበሌ ንዑስ መረብ፥ በባለሙያዎች አነጋገር ሰብኔት ይባላል። ዓይነቱ /24 የሆነ ሰብኔት 256 አድራሻዎች አሉት። አማዞን ከነዚህ 5ቱን ለራሱ ስለሚይዝ ለተከራዩ 251 ይቀሩለታል።

ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ሰብኔት ያልተቀመጡበት ምክንያት አለ። ማንኛውም መደብር መሸጫውን በፊት ለፊት፥ ጓዳውን በስተኋላ ያደርጋል፤ ገዢው ከመሸጫው ይገባል እንጂ ወደ ጓዳው አያልፍም። እንደዚሁም ከውጭ ሰው ጋር የሚነጋገረው ሰርቨር በ10.0.1፥ መዝገቡን የያዘው በ10.0.2 ሰብኔት ይቀመጣል፤ በመካከላቸውም ኬላ ይቆማል። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ሲጓዝ በየኬላው ይፈተሽና ቀረጥ ይከፍል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የመረብ ኬላ ፋየርዎል ይባላል፤ ማን ከየት ተነሥቶ በየትኛው በር እንደሚገባ ይመረምራል። በሩ ፖርት ይባላል፤ ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ዳታቤዝ በልማድ በ3306፥ ፖስትግሬስ ደግሞ በ5432 ቁጥር በር ይቀበላል።

ዝምታና እምቢታ

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። አንደኛው ሰርቨር ወደ ሁለተኛው መልእክት ልኮ ሲከሽፍበት፥ በጽሑፍ የሚመለሰው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» የሚለው ሲሆን እምቢታ ነው። ሁለተኛው «ታይምድ አውት» የሚለው ሲሆን ዝምታ ነው።

እምቢታ ብዙውን ጊዜ ደኅና ወሬ ነው። መልእክተኛው ከቤቱ ደርሶ በሩን አንኳኳ፤ ነገር ግን ከውስጥ የሚቀበለው አገልግሎት አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው፤ ጉድለቱም ከዳታቤዙ ዘንድ ነው። ዝምታ ግን መልእክቱ ወይም መልሱ በመንገድ እንደ ቀረ ያመለክታል፤ ኬላው ሳይናገር ጥሎታል፥ አለዚያም መንገዱ ጨርሶ አልተመራም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ዳታቤዙ ቆሞ ሳለ ኬላውን ሲያፈርስ፥ ወይም ኬላው ዘግቶበት ሳለ ዳታቤዙን ደጋግሞ ሲያስነሣ ይውላል።

ፒንግ የሚባለው የተለመደ ሙከራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፒንግን የሚከለክሉ ኬላዎች ብዙ ናቸው፤ የዊንዶውስ ፋየርዎልም በተለመደው አቋሙ ሊከለክለው ይችላል። ፒንግ ዝም ቢልም ዋናው በር ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ፒንግ ቢመልስም 3306 ዝግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፈተን ያለበት የሚፈለገው በር ራሱ ነው፤ ለዚህም ቴልኔት የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል። ፈተናው ከአንደኛው ሰርቨር ላይ ሆኖ ይደረግ እንጂ ከአምቦው መደብር ኮምፒውተር አይደረግ። ጓዳው ለመደብሩ ኮምፒውተር ከመጀመሪያውም አልተፈቀደምና።

የምርመራው ተራ

1ኛ/ በስም የተደረገው ሙከራ ከከሸፈ በቁጥር አድራሻው ይሞከር። በቁጥር የሚሠራ ከሆነ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ነው፤ መንገዱ ደኅና ነው።

2ኛ/ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ዳታቤዙ መነሣቱና በየትኛው አድራሻ እንደሚሰማ ይታይ። በ127.0.0.1 ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከራሱ ከሰርቨሩ በቀር ማንንም አይቀበልም። የእምቢታ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

3ኛ/ ኬላዎቹ ይመርመሩ። በክላውድ ኬላው አንድ ብቻ አይደለም። ሴኩሪቲ ግሩፕ የሚባለው በየሰርቨሩ ደጃፍ ይቆማል፤ ኔትወርክ ኤ ሲ ኤል የሚባለው በሰብኔቱ መግቢያ ይቆማል፤ በሰርቨሩ ውስጥም የራሱ ፋየርዎል አለ። አንዱ ቢከለክል የሌሎቹ መፍቀድ አይጠቅምም።

4ኛ/ የመመለሻው ነገር ይታሰብ። ሴኩሪቲ ግሩፕ መግባቱን የፈቀደለትን ሰው መዝግቦ ስለሚይዝ ሲመለስ አይጠይቀውም። ኔትወርክ ኤ ሲ ኤል ግን መዝገብ የለውም፤ ለመሄጃና ለመመለሻ ለየብቻ ፈቃድ ይፈልጋል። መልሱ የሚመለሰው ጠያቂው ለጊዜው በከፈተው በር እንጂ በ3306 ስላልሆነ፥ በአማዞን አሠራር ከ1024 እስከ 65535 ያሉት በሮች ለመመለሻው ይፈቀዳሉ። ይህን የዘነጋ ሰው መልእክቱ ደርሶ ሳለ መልሱን በኬላ ያስቀረዋል፤ ለእርሱ የሚታየው ግን ዝምታ ብቻ ነው።

5ኛ/ የመንገዱ ሰንጠረዥ ይታይ። በአማዞን ሁለቱ ሰብኔቶች ቪ ፒ ሲ በሚባል በአንድ የግል መረብ ሥር ካሉ፥ በመካከላቸው መንገድ አስቀድሞ የተዘረጋ ነው። በሁለት የግል መረቦች ሥር ከሆኑ ግን ፒሪንግ የሚባል ውል ያስፈልጋቸዋል፤ መንገዱም በሁለቱም ወገን ይጻፋል። ይህ ውል ወደ ሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። የመጀመሪያው መረብ ከሁለተኛው፥ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ቢዋዋሉ የመጀመሪያው ከሦስተኛው ጋር ተገናኘ ማለት አይደለም።

6ኛ/ አድራሻዎች እንዳይደራረቡ ይጠንቀቁ። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የኢንተርኔት ደንብ በ10፥ በ192.168 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ለግል መረብ ስለ ለየ፥ ማንም ሳያስፈቅድ ይሠራባቸዋል። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ራውተሮች 192.168.1 ወይም 192.168.0 የሚለውን ይዘው ይመጣሉ። የጉደሩና የጊንጪው ቅርንጫፍ ሁለቱም በዚሁ አድራሻ ከተተከሉ፥ በኋላ በአንድ መረብ ይያያዙ በተባለ ጊዜ ችግር ይነሣል። ሁለት ከተሞች እያንዳንዳቸው ቀበሌ 01 ሲኖራቸው የከተማው ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ወዴት ይሄዳል? ዶከር የተባለው መሣሪያም በልማዱ 172.17 ብሎ የሚጀምረውን ስለሚይዝ፥ በዚሁ ቁጥር የቆመ ሰብኔት ካለ ሰርቨሩ መልሱን ወደ ውጭ ሳይሰድ ለራሱ ያስቀረዋል። ለአምቦ አንድ፥ ለጉደር ሌላ፥ ለጊንጪ ሌላ ቁጥር ከመጀመሪያው መመደብ ወጪ የለውም፤ ከተተከለ በኋላ መለወጥ ግን ሥራ ያስፈታል።

መሸሽ የሚገባ መድኃኒት

ገዢ በደጅ ቆሞ ሲጠባበቅ አንድ ቀላል መድኃኒት ያለ ይመስላል። ይኸውም የዳታቤዙን በር ለ0.0.0.0/0፥ ማለት ለዓለም ሁሉ መክፈት ነው። ጥፋቱ የኬላው ከነበረና ሰርቨሩ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ካለው ነገሩ ወዲያው ይሠራል፤ ሻጩም ያመሰግናል። ሆኖም ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን ይዘዋወራሉ፤ የደንበኞችን ስምና ዕዳ የያዘ መዝገብ እንዲህ ተጋልጦ ማደር የለበትም። ኬላው ለአንደኛው ሰርቨር፥ በ3306 በር ብቻ ቢከፈት ሥራው ያው ይሠራል፤ ጓዳውም እንደ ተዘጋ ይቆያል። ሥራ የበዛበት ቀን ለጊዜው ተብሎ የተከፈተ በር ማታ ሳይዘጋ ሊረሳ ስለሚችል፥ የከፈተው ሰው ሰዓቱን ጽፎ ይያዝ።

ነጋዴው ይህን ሁሉ በእጁ ይሥራ አይባልም፤ ባለሙያ ይቀጥራል። ነገር ግን ባለሙያውን ከመጥራቱ በፊት የሁለቱን ሰርቨሮች አድራሻ፥ የበሩን ቁጥር፥ በጽሑፍ የተመለሰው ቃል እምቢታ ወይም ዝምታ መሆኑን፥ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት ባለው ቀን የተለወጠውን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር፥ ባለሙያው ሥራውን ከመካከሉ እንጂ ከመጀመሪያው አይነሣም። ሲሠራ የነበረ ግንኙነት በድንገት ከቆመ ብዙ ጊዜ የተነካ ነገር አለ። የነካውን ሰውና የነካበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት ከመዝገቡ አጠገብ ያኖረ ነጋዴ፥ በገበያ ቀን ደንበኛውን ባዶ እጁን አይሰድም።