የወላጅ ሥራና የልጅ ምኞት

ልጅ ስለ ሥራ መጀመሪያ የሚማረው ከወላጁ አዋዋል ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ አባት ወይም እናት፣ ነገ የሚታቀድ ነገር መሆኑን ሳይናገሩ ያስተምራሉ። ሥራው ሲቋረጥ፣ ልጁ ለመመኘት ያለው ድፍረትም አብሮ ይነካል።

ይህ በቅርበት የታየው በኦስትሪያ ነው። ከቪየና ብዙም የማትርቀው ማሪየንታል ኑሮዋ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ መንደር ነበረች። ፋብሪካው በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. ደረጃ በደረጃ ሲዘጋ፣ ከአራት ቤተሰብ ሦስቱ ያህል ደመወዝተኛ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል መንደሯን አጥንተው በ1933 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። የመንደሯና የአጎራባች መንደር ተማሪዎች ለገና ምን ስጦታ እንደሚፈልጉ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የማሪየንታል ልጆች የተመኙት በዋጋ ሲሰላ፣ የአጎራባች መንደር ልጆች ከተመኙት ሲሶው ያህል ሆነ። ብዙዎቹም «እፈልጋለሁ» ብለው አልጻፉም፤ ወላጆቻቸው ሥራ ቢኖራቸው ኖሮ ይህንን ይመኙ እንደነበር ጻፉ። ከስጦታው ማነስ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ «ቢሆን ኖሮ» ነው፤ ልጆቹ ሳይጠይቁ መልሱን ያውቁታል። ለጎረምሶቹ ስለ ወደፊት ሕይወታቸው የድርሰት ውድድር ሲዘጋጅም የጻፉት ጥቂት ነበሩ።

ይሁንና የወላጅ ሥራ ማጣት ሁልጊዜ ተስፋን አያዳፍንም። ተመራማሪው ግሌን ኤልደር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ያደጉ፣ በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 167 ልጆችን ይመለከታል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የአባታቸው ገቢ ሲያሽቆለቁል፣ ወንዶቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሥራ ያዙ፣ ሴቶቹ የቤቱን ሥራ ከእናታቸው ተረከቡ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ምን መሆን እንደሚፈልጉ ቀድመው ለዩ፤ ሴቶቹን ግን ያው ኃላፊነት ወደ ትዳርና ወደ ቤት አዘነበላቸው። የማሪየንታል ልጆች ያላገኙት ይህንን የሥራ ዕድል ነበር፤ በዚያች መንደር ለልጅም የሚያዝ ሥራ አልነበረም።

በኢትዮጵያ ገጠር ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ገበሬው ሥራ አልፈታም፤ ልጁ የሚያየው ግን ያንኑ አንድ ሥራ ነው። ሌላ ምሳሌ ማየት ምን እንደሚለውጥ ለመፈተን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች ለተወሰኑ ነዋሪዎች በኦሮምኛ የተሠሩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ፤ ሌሎች የመዝናኛ ፊልም ተመለከቱ። የዘጋቢ ፊልሞቹ ባለታሪኮች ከተመልካቾቹ ከማይለይ ኑሮ ተነስተው በእርሻና በንግድ የተሻሻሉ ሰዎች ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ፣ እነዚህን ፊልሞች ያዩት ቤተሰቦች የበለጠ ሲቆጥቡና ለልጆቻቸው ትምህርት የበለጠ ሲያወጡ ተገኙ።